ወንድሜ ገዳዩን ነገረኝ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ የ31 ዓመት ፋርማሲስት ነኝ። በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ተረኛ እሆናለሁ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ጓደኛዬ ያዋሰችኝን የእንግሊዛዊቷን የምርመራ ልቦለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን መጽሐፍ ጀመርኩ፤ ይኸው አሁን ሰባት ደረስኩ። ችግሬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ እናቴ ‹ሰው መግደል የሚያስተምር መጽሐፍ ትራስሽ ሥር አድርገሽ አትተኚ› እያለች ትቆጣኛለች፤ ነገሩን ለንስሐ አባታችን ልትነግር ነው። ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሜ ባቡር ላይ ስለሚፈጸም ግድያ የጻፈችውን የኦሪየንት ኤክስፕረስን ፊልም አይቶት ኖሮ መጨረሻውን ዘረገፈልኝ፤ ተናድጄ መጽሐፉን ገጽ 40 ላይ ዘጋሁት። ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ የማነባቸውን መሐል ሳልደርስ ገዳዩን እያወቅኩ ይሰለቹኝ ጀመር። ሊነበቡ የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው? ወይስ በቃኝ ልበል? የሌሊት ተረኛዋ።»

ልጄ፣ ሦስት ችግር ብለሽ ቆጥረሽልኛል፤ እኔ ግን ደጋግሜ ባየው ከወንድምሽ በቀር ችግር አላገኘሁም። እሱንም ወደ መጨረሻው መላ እንፈልግለታለን። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ መጽሐፎቹን ስትፈልጊ እንዳይምታታብሽ።

ከእናትሽ እንጀምር። በክርክር ልትረቻቸው አትሞክሪ፤ ይልቅ ቡና ላይ አንድ ታሪክ አውሪላቸው። በ1977 ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ከኳታር በጠና ታማ ለንደን ወደሚገኘው ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ትመጣለች። ሐኪሞቹ ምን እንደያዛት ማወቅ ያቅታቸዋል። ልጅቷ እየደከመች ሳለ እዚያው የምትሠራ አንዲት ነርስ ምልክቶቹን አይታ በዚያ ሰሞን ከምታነበው ልቦለድ ጋር አንድ ሆኑባት። ለሐኪሞቹ ነገረቻቸው፤ አስመረመሩ፤ መርዙ ልክ እሷ ያለችው ሆኖ ተገኘ። ሕፃኗ ታክማ ዳነች። ልቦለዱ የክሪስቲ «ሐመር ፈረስ» ነው፣ በ1961 የወጣው፤ በእንግሊዝኛው «ዘ ፔል ሆርስ» ብለሽ ፈልጊው። ርዕሱ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 የተወሰደ ስለሆነ እናትሽ ፈረሱንም፣ የተቀመጠበት ስሙ ሞት መሆኑንም ያውቃሉ። የመርዙን ስም የዘለልኩት ሆን ብዬ ነው። ካላነበብሽው ሁለተኛ ወንድም ልሆንብሽ አልፈልግም።

ይህ ካልበቃቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጪና መጽሐፈ ሶስናን አንብቢላቸው። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ሶስናን ተመኝተው እንቢ ብትላቸው ከጎልማሳ ጋር አየናት ብለው በሐሰት ይመሰክሩባታል። ሕዝቡ አምኖ ሊወግራት ሲወስዳት ብላቴናው ዳንኤል ያስቆማቸዋል። ያደረገው ነገር ቀላል ነው፦ ምስክሮቹን ለየብቻ አቁሞ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ይጠይቃቸዋል። አንዱ አንድ ዛፍ ይጠራል፣ ሌላው ሌላ። አለቀ። ተረፈ ዳንኤል ላይ ደግሞ ለጣዖቱ ለቤል የሚቀርበውን ምግብ ሌሊት ማን እንደሚበላው ለማወቅ ወለሉ ላይ አመድ ያስነሰንስና በሩ ተዘግቶ በማኅተም ይታሸጋል። ጠዋት ማኅተሙ እንዳለ ነው፤ ምግቡ ግን የለም፤ አመዱ ላይ የወንድ፣ የሴትና የሕፃን እግር ዱካ ሞልቷል። ካህናቱ ከነቤተሰባቸው በስውር በር እየገቡ ነበር። የታሸገ በር፣ ዱካ፣ ስውር መግቢያ! እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ በ1928 የምርመራ ታሪኮችን ሰብስባ ስታሳትም እነዚህን ሁለቱን ያካተተቻቸው ለጽድቅ ብላ አይደለም፤ ጥሩ የምርመራ ታሪክ ስለሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ እናትሽ ራሳቸው «ሌላስ?» ካሉ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቼስተርተንን አባ ብራውን እየተረጎምሽ አንብቢላቸው። አጭር፣ ፊቱ ክብ፣ ጃንጥላው ከእጁ የማይረጋ ቄስ ነው። ወንጀለኛን የሚለየው በአጉሊ መነጽር አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ኃጢአት ሲናዘዙለት ስለኖረ ክፋት በየት በኩል እንደሚመጣ ያውቃል። የመጀመሪያው ስብስብ በ1911 የወጣ ስለሆነ የቅጂ መብቱ አልፎበታል፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ። የንስሐ አባታችሁም ቢሆኑ ይወዱታል ባይ ነኝ።

አሁን ወዳንቺ እንምጣ። ክሪስቲ የሙያ ባልደረባሽ መሆኗን ታውቂ ኖሯል? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተወለደችባት በቶርኪ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ በነርስነት፣ ቀጥሎ መድኃኒት ማደያው ውስጥ ሠርታለች፤ ፈተናውንም ተፈትና አልፋለች። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከመርዝ ጠርሙሶቹ መሐል ተቀምጣ ነው የመጀመሪያ ልቦለዷን ያሰበችው። በግለ ታሪኳ ካጻፈቻቸው ነገሮች አንዱን ሳነብ ሁልጊዜ የመድኃኒት ቤት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ያለማምዳት የነበረው የከተማው ፋርማሲስት አንድ ቀን ሰፖዚተሪ (በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት) ሲቀምም የአሥርዮሽ ነጥቧን ቦታ ይስትና መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። እሷ አየች። ግን ተለማማጅ ናት፤ ሰውዬው ደግሞ ተሳስተሃል ቢሉት የሚሰማ ዓይነት አልነበረም። የተደናቀፈች መስላ የተደረደረበትን ሰሌዳ ገለበጠችውና የወደቀውን ደህና አድርጋ ረገጠችው። ይቅርታዋን ጠየቀች፤ መድኃኒቱም እንደ አዲስ ተሠራ። ይኸው ሰው ኩራሬ የሚባለውን፣ አዳኞች ቀስት የሚቀቡትን መርዝ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ኃይል እንዳለው እንዲሰማው ስለሚያደርገው። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ «ሐመር ፈረስ»ን ስታስብ ይህ ሰው ከአእምሮዋ እንዳልወጣ ራሷ ጽፋለች።

ስለዚህ በ1920 የወጣውን የመጀመሪያዋን መጽሐፍ፣ «ዘ ሚስቲሪየስ አፌር አት ስታይልስ»ን፣ ከሰባቱ ውስጥ ከሌለ ዛሬ ማታ ጀምሪው። ቤልጂየማዊው ስደተኛ ኤርኩል ፖዋሮ ብቅ ያለው እዚህ ነው። መርዙ ስትሪክኒን መሆኑ ቶሎ ይታወቃል፤ የሚያስቸግረው እንዴትና መቼ እንደተሰጠ ነው፤ መልሱም ንጹሕ የፋርማሲ መልስ ነው። አንድ የእንግሊዝ የፋርማሲ መጽሔት የመርዙን አያያዝ አመስግኖ ሲጽፍላት ክሪስቲ በዚያ ምስጋና እጅግ ኮርታለች። እኔ መሐይሙ አልደረስኩበትም፤ አንቺ ግን ልትደርሺበት ይገባል። ካልደረስሽ ደግሞ ለአለቃሽ እንዳትነግሪ።

«መሐል ሳልደርስ አውቀዋለሁ» ላልሽው፣ እስቲ አንድ ነገር ፈትሺ። የምታውቂው ገዳዩን ነው ወይስ የደራሲዋን አመል? ሰባት መጽሐፍ ያነበበ ሰው «ይሄኛው ከመጠን በላይ ደግ ነው፤ እንግዲያው እሱ ነው» ማለት ይጀምራል። የሐኪሙን የእጅ ጽሑፍ ስለለመድሽው ብቻ ማዘዣውን ሳታነቢ መድኃኒት ትሰጫለሽ? አትሰጪም። ከእንግዲህ መርማሪው ሰዎቹን ሳሎን ሰብስቦ መናገር ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉን ክደኚና በቁራጭ ወረቀት ሦስት ነገር ጻፊ፦ ማን፣ እንዴት፣ በምን ይረጋገጣል። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። «ማን» የሚለውን ብዙ ጊዜ አገኛለሁ። ሦስቱንም ያገኘሁባቸው ግን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ።

የዚህ ነገር ሰዎች ሕግ ነበራቸው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል፣ ቄስም የምርመራ ልቦለድ ደራሲም የነበረ እንግሊዛዊ በ1929 አሥርቱ ትእዛዛት ብሎ አወጣ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ የምር። ስውር በር ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ማንም የማያውቀው አዲስ መርዝ ክልክል ነው። መንታ ወንድም አንባቢው ሳይዘጋጅ ከሰማይ ዱብ እንዳይል። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢው ይይ። በአጭሩ ደራሲው ሊያታልልሽ ይችላል፣ ሊዋሽሽ ግን አይችልም። የእኔም ሚዛን ከዚህ የተቀዳ ነው፦ መጨረሻውን ካወቅኩ በኋላ ወደ ምዕራፍ አንድ እመለሳለሁ። እዚያ እውነቱ ዓይኔ ሥር ተዘርግቶ ካገኘሁት መጽሐፉ ይነበባል። ገዳዩ አምስት ገጽ ሲቀረው የመጣ አትክልተኛ ከሆነ ለሱቅ መጠቅለያ ነው።

በዚህ ሚዛን አንደኛው በ1926 የወጣው «ዘ መርደር ኦቭ ሮጀር አክሮይድ» ነው። ስለሱ አንድ ቃል አልተነፍስም። ሲወጣ አንባቢው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ «ተጭበረበርን» ብሎ ጮኋል። እኔም የመጨረሻውን ገጽ ዘግቼ ሌሊቱን ወደ መጀመሪያው ተመለስኩና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጣቴ እየተከተልኩ ውሸት ፈለግኩ። የለም። ሁሉንም ነግራኛለች፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ይህን ስታነቢ ስልክሽን ዝጊ፣ ኢንተርኔት ላይ ስሙን አትፈልጊ፣ ወንድምሽንም ገበያ ላኪው።

ቀጥሎ የ1939ኙ «ኤንድ ዜን ዜር ወር ነን» ነው። አሥር ሰዎች ደሴት ላይ፣ መርማሪ የለ፣ መውጫ የለ። መሐል ላይ ገዳዩን ካወቅሽ ዓምዱን ላንቺ እለቃለሁ።

ደሴትና ባቡር ስል እኛ አገር አፈርሳታ ትዝ አይልሽም? አውጫጭኝም ይሉታል። ጥፋተኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም ያገሬው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ የቀረ እየተቀጣ፣ በደለኛው እስኪወጣ አይበተንም ነበር። ክሪስቲ በረዶና ባሕር አምጥታ የዘጋችውን በር አባቶቻችን በዳኛ ትእዛዝ ዘግተውታል። እሷ ራሷ ስትጽፍ ይበልጥ የሚያሳስባት በደለኛው ሳይሆን በጥርጣሬ ሥር የሚኖሩት ንጹሐን እንደሆኑ ተናግራለች፤ አፈርሳታ የተቀመጠ መንደርም ያንን ያውቀዋል፤ በደለኛው እስካልወጣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳየ ይኖራል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» የሚል ልቦለድ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ግድያ የለበትም፤ ጎጆው ተቃጥሎ ገንዘቡ ስለተሰረቀበት አንድ የጉራጌ ገበሬና መንደሩ ስለሚቀመጠው አፈርሳታ ነው። ትንሽ መጽሐፍ ነች፤ ካገኘሻት እንዳትለቂያት። በአማርኛ ማሞ ውድነህ በተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት ያደግን ብዙ ነን፤ እንዲህ ያለ ቁጭ ብሎ የሚፈታ የግድያ እንቆቅልሽ ግን ሲጻፍልን ብዙም አላየሁም። ከአንባቢዎቼ መሐል የሚጽፍ ካለ እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ።

የተበላሸብሽን ኦሪየንት ኤክስፕረስ ወደ ገጽ 40 ተመለሺና ጨርሺው። የምሬን ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ስል በሰም እናገራለሁ፣ ወርቁን አንቺ ታውቂዋለሽ፦ መጨረሻውን ለሚያውቅ ሰው እያንዳንዱ የተሳፋሪ ቃል ሁለት ቃል ነው። ፖዋሮ አንድ በአንድ እየጠራ ሲጠይቃቸው፣ ማን ለማን እንደሚመሰክር፣ ማን ሳይጠየቅ እንደሚመልስ፣ ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ እዪ። የማያውቀው አንባቢ ይህን ሁሉ ሳያይ ነው የሚያልፈው። ሐሳቡም ከአየር የመጣ አይደለም። በ1929 ባቡሩ ቱርክ ውስጥ ለቀናት በበረዶ ተይዞ ነበር፤ ክሪስቲ ራሷም በ1931 መጨረሻ ከባሏ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ስትመለስ እዚያው ባቡር ላይ በጎርፍ ምክንያት ቆማለች። በ1932 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የአብራሪው የሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ታፍኖ ተገደለ። መጽሐፉ በ1934 ሲወጣ አንባቢው ሁሉ ያ ሐዘን ገና ከልቡ አልወጣም ነበር።

«ማን ገደለ» የሚለው ራሱ የሰለቸሽ ከሆነ ገዳዩ ከመጀመሪያው የሚታወቅበትን ሞክሪ። የጃፓናዊው ኬይጎ ሂጋሺኖ «ዘ ዲቮሽን ኦቭ ሰስፔክት ኤክስ» እንደዚያ ነው። አንዲት እናት የቀድሞ ባሏ ቤቷ ድረስ እየመጣ ሲያስቸግራት ትገድለዋለች፤ በግድግዳ ማዶ የሚኖረው ዝምተኛ የሂሳብ መምህር በሩን አንኳኩቶ ልርዳችሁ ይላል። ይህ ሁሉ ገና መክፈቻው ላይ ነው። ቀሪው፣ መምህሩ የደበቀውን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው የነበረ የፊዚክስ ሊቅ ሲያሳድደው ነው። ሁሉን አውቄያለሁ ብለሽ ተዝናንተሽ ትቀመጫለሽ፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ… ተይው። በ2005 የወጣ ነው፤ አንዳንዴ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ሲዞር አያለሁ፣ ግን ገዝተሽ ብታነቢ ደስ ይለኛል። ከዚህ ወገን ትልቁ የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» መሆኑን አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ያን ግን ሌሊት ተረኛ ሆነሽ አታንቢው። ራስኮልኒኮቭ ከመርማሪው ከፖርፊሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጨዋወት በሽተኛ መጥቶ ቢያንኳኳ በድንጋጤ ጠርሙስ ትሰብሪያለሽ።

ለተረኛ የሚሆነው ቤልጂየማዊው ደራሲ ሲመኖን ነው። የኮሚሽነር ሜግሬ መጻሕፍት 75 ናቸው፤ አብዛኞቹ በአንድ ሌሊት ያልቃሉ። እንቆቅልሹ ቀላል ነው፤ ሜግሬ ፒፓውን እያጨሰ ሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ የወጥ ቤቱን ሽታ ያሸታል፣ የቤቱን ሰው ልብ እስኪያውቅ አይነሳም። ብዙ ጊዜ ስጨርስ ለገዳዩ አዝኛለሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ስለምትውዪ የጆሴፊን ቴይን «ዘ ዶተር ኦቭ ታይም» (1951) ሳልጠቅስ ባልፍ አይሆንም። መርማሪው እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ጣሪያ እያየ ተኝቷል። ሲሰለቸው የንጉሥ ሪቻርድ 3ኛን ሥዕል ያሳዩታል፤ ሁለት ሕፃናት የወንድሙን ልጆች አስገድሏል ተብሎ ለአምስት መቶ ዓመት የተረገመ ንጉሥ ነው። መርማሪው ፊቱን አይቶ ይህ ገዳይ አይመስለኝም ይላል፤ ከአልጋው ሳይነሳ በመጽሐፍና በመዝገብ ብቻ ምርመራ ይከፍታል። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? በማን ቤት እየበላ ጻፈው? ከሱ በኋላ የኛን ዜና መዋዕሎች እንደ ድሮው አላነበብኩም። የእንግሊዝ የወንጀል ደራስያን ማኅበር በ1990 ከመቶ መጻሕፍት አንደኛ ብሎ መርጦታል። እኔ እንኳ አክሮይድን አስቀድማለሁ፤ ግን አልጣላም።

ዓመት ፈቃድ ስትወጪ ደግሞ የኡምቤርቶ ኤኮን «ዘ ኔም ኦቭ ዘ ሮዝ» ያዢ። በ1327 በሰሜን ጣሊያን ተራራ ላይ ያለ ገዳም፣ አንድ በአንድ የሚሞቱ መነኮሳት፣ ማንም የማይገባበት ቤተ መጻሕፍት። ብራና ሲፋቅ፣ ቀለም ሲበጠበጥ፣ ጸሐፊ ለጸሐፊ ሲቀናና ሲያማው ያየ ሐበሻ እዚያ ገዳም ውስጥ እንግዳ አይሆንም። የመጀመሪያው መቶ ገጽ ይከብዳል። አሳታሚዎቹ ቀንስልን ቢሉት ኤኮ እንቢ ብሏል፤ ወደ ገዳሙ የሚወጣ ሰው የገዳሙን እርምጃ ይልመድ ብሎ። ቁጭ ብለሽ ልመጂው። ሼርሎክ ሆልምስን ከወደድሽ የመርማሪው መነኩሴ ስም ፈገግ ያሰኝሻል። (ሆልምስን ራሱን በአጫጭር ታሪኮቹ አንብቢ፤ ከረጃጅሞቹ የባስከርቪሉ ውሻ ብቻ ነው ቃሉን የጠበቀ።)

ወንድምሽ ቀረ። ተማሪ ሳለሁ ለገሃር አካባቢ ከአንድ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በሳንቲም እየተከራየሁ አነብ ነበር። አንድ ጊዜ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ የግድያ ልቦለድ ይዤ ቤት ገባሁ። ገጽ 12 ላይ፣ ከአንድ ጡረተኛ ሻምበል ስም ጎን፣ በቀይ ቢክ «ገዳዩ ይህ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ነጋዴውን ረገምኩ፣ ጻፊውን ረገምኩ፤ ግን ኪራዩን ከፍያለሁና አነበብኩ። ሻምበሉ ሻይ ሲቀዳ እጁን አያለሁ፣ ደብዳቤ ሲያቃጥል «አገኘሁህ!» እላለሁ፣ ሌሊት ሲወጣ ልቤ ይመታል። ገጽ 140 ላይ ሻምበሉ ራሱ ደረቱን ተወግቶ ተገኘ። ያን ሁሉ ገጽ እሱን ስጠብቅ እውነተኛው ገዳይ ፊቴ ላይ ሲመላለስ አላየሁትም። በሕይወቴ እንደዚያ ተታልዬ አላውቅም፤ ደራሲው በአንድ በኩል፣ ባለ ቀይ ቢኩ በሌላ በኩል።

አክሮይድን ስትጨርሺው ለወንድምሽ አውሺው። ከማዋስሽ በፊት ግን ገጽ 12 ላይ አንድ ስም ምረጪ።